ስፒቲ ለምን እንዲህ ደረቀ? ልንሄድ ስለሆነ የሚያውቅ ያስረዳን

ጎህ ቀደደ

ሰላም ለሁላችሁ። ሕንድ ውስጥ ቻንዲጋር ነው የምማረው። በመስከረም አጋማሽ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ወደ ስፒቲ ልንወጣ አስበናል። ሂማቻል ፕራዴሽ ውስጥ ነው፣ ላሃውል እና ስፒቲ በሚባለው አውራጃ። ዘጠኝ ቀን አለን።

አንድ ነገር እንቆቅልሽ ሆኖብኛል። ባለፈው ዓመት ማናሊ ሄጄ ነበር። ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሳሩ እርጥብ፣ ዝናቡም ፋታ አይሰጥም። የስፒቲን ፎቶ ሳይ ግን ዛፍ የሚባል ነገር የለም። አፈር፣ ድንጋይ፣ ከላይ ሰማይ። ካርታ ላይ ደግሞ ጎረቤት ናቸው! ከአንድ ተራራ ወዲህ ደን፣ ወዲያ በረሃ እንዴት ይሆናል?

ሌላው፣ ከማናሊ ተነስተን በመጀመሪያው ቀን ቻንድራታል ሐይቅ ዳር ማደር ነው ሐሳባችን። ከዚያ ካዛ ወደምትባለው የስፒቲ ከተማ እንወርድና በዚያው እንመለሳለን። ከፍታው ያን ያህል ያስቸግራል ወይስ ሰው አጋንኖ ነው የሚያወራው? እስኪ የሄዳችሁ ንገሩን።

አለት ወዳጅ

እህት ጎህ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። ብዙ ሰው ስፒቲን "ያምራል" ብሎ ያልፋል እንጂ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ አይጠይቅም።

ባጭሩ ዝናቡ አይደርስም። በክረምት ከደቡብ የሚመጣው የሞንሱን ደመና የተራራውን ደቡባዊ ፊት እየወጣ ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ የያዘውንም ውሃ እዚያው ያራግፋል። መጀመሪያ የሚቀበለው ዳውላዳር የሚባለው ሰንሰለት ነው፣ ቀጥሎ ፒር ፓንጃል። ማናሊ ከፒር ፓንጃል ወዲህ ናት፣ ስለዚህ ውሃውን ጠጥታ ትቀራለች። ደመናው ሮታንግ የሚባለውን የተራራ በር ተሻግሮ ላሃውል ሲደርስ አቅሙ አልቋል፣ የኩንዙምን በር ተሻግሮ ስፒቲ ሲደርስ ደግሞ የሚዘንብ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ይህን ነው የዝናብ ጥላ የሚሉት። ስፒቲ የምታገኘው እርጥበት በአብዛኛው በረዶ ነው፣ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት የብርድ ወራት ከሜዲትራኒያን በኩል በምዕራብ ነፋስ ተገፍቶ የሚመጣ።

መንገድ ላይ በየስሙ መጨረሻ "ላ" ሲሉ ትሰሚያለሽ። በቲቤት ቋንቋ የተራራ ማለፊያ ማለት ነው፣ እኛ ጣርማ በር ስንል "በር" የምንለው። ኩንዙም ላ 4,551 ሜትር ነው። ራስ ዳሽን አናት ላይ የመቆም ያህል ነው፣ ልዩነቱ እዚያ መኪና ማለፉ ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ዛሬ ሂማላያ ያለበት ቦታ ድሮ ቴቲስ የሚባል ባሕር ነበር። የሕንድ መሬት ወደ ሰሜን እየተጓዘ መጥቶ ከእስያ ጋር የተጋጨው ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፣ በመካከል የነበረውም የባሕር ወለል ተጨማዶና ተጣጥፎ ወደ ላይ ወጣ። ላንግዛ የምትባል መንደር አለች፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። እዚያ ጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ አሞናይት የሚባል የባሕር እንስሳ ቅሪተ አካል ይገኛል፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘ። ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር ውስጥ ይዋኝ የነበረ ፍጡር ዛሬ በረዶ የለበሰ ተራራ ሥር ተቀምጧል።

ሌላ ቦታ ይህን ሁሉ ታሪክ አፈርና ደን ሸፍኖታል። ስፒቲ ላይ የሚሸፍን ነገር ስለሌለ ከመኪና ሳትወርጂ የድንጋዩ ንብርብር እንደታጠፈ ጋቢ ተደራርቦ ታይዋለሽ፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ወይን ጠጅ የሚመስል፣ አንዳንዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ የቆመ። እኔ ከሐይቁም ከገዳሙም ይልቅ ልቤን የወሰደው እሱ ነው።

አንድ አደራ አለኝ። ላንግዛ ላይ ቅሪተ አካል ልንሽጥላችሁ የሚሉ ሊኖሩ ይችላሉ። አትግዙ፣ አንሥታችሁም አትውሰዱ። እዚያው ይቆይ።

የጠዋት ጮራ

ጎህ፣ የመጀመሪያ ቀን ቻንድራታል የሚለውን ሐሳብ እባክሽ ተዪው። ከምሬ ነው።

ማናሊ 2,050 ሜትር ገደማ ነው። ቻንድራታል ከ4,200 በላይ ነው። በአንድ ቀን ከ2,000 ሜትር በላይ ወጥታችሁ እዚያው ልትተኙ ነው ማለት ነው። እኔ ይህንኑ አድርጌ አይቼዋለሁ። ጉዞውን ያዘጋጀልን ድርጅት "ችግር የለውም፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሄደው" አለን፣ እኛም አመንን። ማታ ላይ ራሴን ለሁለት የሚሰነጥቅ ሕመም ጀመረኝ። እራት አልበላ አለኝ። ሌሊቱን ሳስመልስ አደርኩ፣ አብራኝ የነበረችው ልጅ ደግሞ ጠዋት ስትነሣ ቀጥ ብላ መራመድ አቃታት። የዳንነው ሾፌሩ አንድ ደቂቃ ሳያባክን ወደ ታች ስለወሰደን ነው። ሐይቁን በደንብ አላየሁትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በዚያ ከፍታ አንድ ትንፋሽ የሚሰጥሽ ኦክስጅን ባሕር ዳር ከምታገኚው 60 በመቶ ገደማ ነው። ወጣትነት፣ ስፖርት፣ ጥንካሬ ምንም አያድንም። ሰውነት ጊዜ ይፈልጋል። ከ3,000 ሜትር በላይ የምትተኙበት ቦታ በየቀኑ ከ500 ሜትር በላይ እየጨመረ ባይሄድ ይመረጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት ከመጣ እዚያው ቁሙ፣ አትጨምሩ። መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ውረዱ። ለከፍታ ሕመም አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት አለ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ።

ሁለተኛ ጊዜ በሺምላ በኩል ነው የሄድኩት። በጣም ይረዝማል፣ ግን ከፍታው ቀስ እያለ ነው የሚወስድሽ። ሺምላ 2,200 ገደማ ነው። ከዚያ የሳትለጅን ወንዝ እየተከተላችሁ ኪናውር ትገባላችሁ፣ ካልፓ ላይ አንድ ሌሊት፣ ናኮ ላይ አንድ ሌሊት፣ ከዚያ ታቦ፣ ከዚያ ካዛ። ካብ የሚባል ቦታ ላይ የስፒቲ ወንዝ ከሳትለጅ ጋር ይገናኛል። ቋጥኙ በሁለት በኩል ጠብቦ ወደ መንገዱ ያዘነበለ ይመስላል። እዚያ ድረስ ዛፍ ታያላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ እየሳሳ ይሄድና ድንገት ልብ ስትዪ የለም።

ስፒቲ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ሸለቆው ሰፊ ነው። ወንዙ የጠጠር ሜዳው ላይ እንደ ሹሩባ ተከፋፍሎ ይፈስሳል፣ ይገናኛል፣ ደግሞ ይለያያል። በመስከረም ውሃው ጭቃውን ጥሎ ሰማያዊ መሆን ይጀምራል። ዳንካር ገዳም ላይ ቆመሽ የፒን ወንዝ መጥቶ ከስፒቲ ጋር ሲቀላቀል ቁልቁል ታይዋለሽ። ገዳሙ የተሠራው ንፋስና ውሃ እየበላው ሹል ሹል ባደረገው የአፈር ገደል ጫፍ ላይ ነው፣ እንዴት እንደቆመ አላውቅም። ኪ ገዳም ደግሞ ኮረብታው ላይ ነጫጭ ቤቶች እንደተደራረቡ ሆኖ ነው የሚታየው። ለኪ ጠዋት ሂዱ፣ ለዳንካር ከሰዓት በኋላ።

የኪበርን መንደር ካያችሁ ወደ ቺቻም የሚያሻግረውን ድልድይ እለፉበት። ከ2017 እ.ኤ.አ. በፊት የመንደሩ ሰው ያንን ጥልቅ ገደል የሚሻገረው በገመድ ላይ በተንጠለጠለ ቅርጫት በእጁ እየሳበ ነበር። ድልድዩ መሐል ቆመሽ ወደ ታች ስታዪ ይገባሻል።

የውጭ አገር ፓስፖርት ያለው ሰው በኪናውር በኩል ድንበር አካባቢ ለማለፍ ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሬኮንግ ፒዮ ወይም ሺምላ ላይ ይሰጣል። የፓስፖርትና የቪዛ ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቅዳሜና እሑድ እንዳይሆንባችሁ።

ደጉ መንገደኛ

የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን ሁላችሁም ላሃውልን ረሳችሁት። የአውራጃው ስም እኮ በእሱ ነው የሚጀምረው! ዋና ከተማውም ኬይሎንግ ላሃውል ውስጥ ነው።

ሁለቱ አንድ አውራጃ የሆኑት በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፣ እንጂ ተፈጥሮአቸው ይለያያል። ላሃውል ጠባብ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ የበረዶ ግግር ይበዛዋል፣ ከስፒቲ ይልቅም አረንጓዴ ነው። ባራ ሺግሪ የሚባለው ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የበረዶ ግግር እዚያው በቻንድራ ሸለቆ በኩል ነው ያለው። ከፊቱ ያለው ድንጋይና አፈር ስለሚሸፍነው ሰው አይቶት እንኳ በረዶ መሆኑን አይጠረጥርም።

ስለ ወንዞቹ የሚነገረውን ታሪክ ስሙኝ። ቻንድራ እና ባጋ ሁለቱም የሚነሡት ባራላቻ ላ ከሚባለው በር ነው፣ ግን አንዱ በአንድ በኩል፣ ሌላው በሌላ በኩል። ቻንድራ የጨረቃ ልጅ ናት፣ ባጋ የፀሐይ ልጅ። ተዋደዱና ተራራውን በየፊናቸው ዞረው ታንዲ ላይ ሊገናኙ ተስማሙ ይባላል። ካርታ ብታዪ እውነትም እንደዚያ ነው የሚሄዱት። ቻንድራ ብዙ ርቃ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ትወርድና ታጥፋ ወደ ምዕራብ ትመለሳለች። ባጋ ባጭሩ በኬይሎንግ በኩል ይመጣል። ታንዲ ላይ ቻንድራባጋ ይሆናሉ፣ ወደ ታች ሲወርድ ቼናብ የሚባለው ትልቁ ወንዝ ይኸው ነው። እኔ ታንዲ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ የሁለቱን ውሃ ቀለም ሳይ ነው የዋልኩት።

ድሮ ሮታንግ በበረዶ ሲዘጋ ላሃውል ለወራት ከዓለም ተቆርጦ ይቀር ነበር። የታመመ ሰው ሄሊኮፕተር ካላገኘ መውጫ አልነበረውም። በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. አታል የሚባለው ዋሻ ተከፈተ፣ 9 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፣ ከማናሊ በኩል ተራራውን ከሥሩ ሰንጥቆ ላሃውል ያወጣሻል። ጎህ፣ የጠየቅሽውን ነገር በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ በዚህ ዋሻ እለፊ። በእርጥብ ደን በኩል ትገቢያለሽ፣ ትንሽ ቆይተሽ የምትወጪበት ሰማይ ሌላ ነው። በክረምት ወር ከሆነ ደግሞ ከኋላሽ ዝናብ፣ ከፊትሽ ፀሐይ የሚሆንበት ቀን አለ።

ኩንዙም ላይ ያለው መንገድ ግን ዛሬም ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ብቻ ነው የሚከፈተው። በረዶ ካለ ጊዜው ሊመጣ ይችላል፣ በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. ብዙ ጎብኚ ቻንድራታል ላይ በበረዶ ተይዞ ለቀናት ቆይቶ ነው የወጣው። ከዘጠኙ ቀን አንዱን በትርፍነት ያዙት።

ጎህ ቀደደ

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የጠዋት ጮራ፣ የጻፍሽውን ለጓደኞቼ አነበብኩላቸው፣ ሐሳባችንን ቀይረናል። ከሺምላ እንጀምራለን፣ ቻንድራታል ለመጨረሻ ይሁን።

ሁለት ነገር ልጨምር። ዝናብ ከሌለ ሰዉ ምን በልቶ ይኖራል? የበረዶ ነብርስ ልናይ እንችላለን?

አዝመራ

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። የእርሻ ተማሪ ነኝ፣ ስፒቲ አንድ ወር ቆይቻለሁ።

ውሃው ከላይ ነው የሚመጣው። ከበረዶው ሥር የሚቀልጠውን ውሃ በቦይ እየመሩ ወደ ማሳ ያወርዱታል። ቦዩን ኩል ይሉታል። አንዳንዱ ኩል ብዙ ኪሎ ሜትር ገደሉን ታክኮ ይሄዳል። ውሃው ተራ አለው፣ ማን መቼ እንደሚለቅ መንደሩ ተነጋግሮ ነው የሚወስነው። ስለዚህ ከሩቅ ስታዪው ተራራው ሁሉ ቡናማ ሆኖ መሐሉ ላይ አንዲት አረንጓዴ ቁራጭ ትታይሻለች። መንደር ያለው እዚያ ነው። ቦዩ ካለቀበት አንድ እርምጃ ወዲያ ሣር እንኳ የለም፣ መስመሩ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል።

በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚዘራው። የጥንቱ እህል ገብስ ነው። ቆልተው ይፈጩትና በሻይ ወይም በውሃ እያሹ ይበሉታል፣ ሳምፓ ይሉታል። መጀመሪያ ሲሰጡኝ በሶ ነው ብዬ ጮህኩ! እውነትም በሶ ነው። አሁን ገንዘብ የሚያስገኘው አረንጓዴ አተር ነው፣ ቆላው በሙቀት በሚቃጠልበት ጊዜ የስፒቲ አተር ስለሚደርስ ከተማ ወርዶ በደህና ዋጋ ይሸጣል። ላሃውል ላይ ደግሞ ድንች አለ።

ቤቶቹን ልብ በዪ። ጭቃ ናቸው፣ ጣሪያቸው ጠፍጣፋ። ዝናብ ስለማይመጣ ነው እንደዚያ የሚሠሩት። ጣሪያው ላይ ለብርዱ ወራት ድርቆሽና ጭራሮ ይደረደራል፣ ኩበትም ይደርቃል። ማገዶ ስለሌለ ብዙው ቤት በኩበት ነው የሚሞቀው። በ2011 እ.ኤ.አ. ቆጠራ የአውራጃው ሕዝብ በሙሉ 31,564 ነበር፣ ስፋቱ ግን ከ13,800 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህን ቁጥር አንብቤው ነበር የሄድኩት፣ ትርጉሙ የገባኝ ግን ከካዛ ወጥቼ ለብቻዬ ግማሽ ቀን ስራመድ አንድ ሰው ሳላይ ስመለስ ነው።

ውሃን በተመለከተ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አንድ ዓመት በረዶው ሳስቶ ከወረደ በሚቀጥለው ዘር ጊዜ ኩሉ ደርቆ ይቆያል። እንግዳ በበዛ ቁጥር ደግሞ የሚፈስሰው ውሃ ይበዛል። ያደርኩበት ቤት እናት አንዲት ባልዲ ሙቅ ውሃ ለሦስት ሰው ያከፋፍሉ ነበር፣ እኔም እንደዚያው ተማርኩ። እናንተም በባልዲ ተጣጠቡ። የፕላስቲክ ጠርሙስም አትግዙ፣ የራሳችሁን ያዙና እየሞላችሁ ሂዱ፣ ቆሻሻ የሚወስድ የለም።

አለት ወዳጅ

ስለ ነብሩ እኔ ልመልስ። በመስከረም ማየት በጣም ይከብዳል። በዚያን ጊዜ የሚያድናቸው የተራራ በጎች ከፍ ብለው ነው የሚግጡት፣ ነብሩም ከእነሱ ጋር ላይ ነው። በብርዱ ወራት በረዶው ሲገፋቸው ወደ ኪበር አካባቢ ይወርዳሉ፣ ሊያየው የሚፈልግ ሰው በየካቲትና በመጋቢት ነው የሚሄደው። ቀለሙ ከድንጋዩ ጋር አንድ ስለሆነ መንደርተኛው እንኳ በመነጽር ሲፈልግ ይውላል።

ባራል የሚባለውን የተራራ በግ ግን ታያላችሁ። ፒን ሸለቆ ከሄዳችሁ ደግሞ አይቤክስ ሊገጥማችሁ ይችላል፣ የዋልያችን ዘመድ ነው፣ ቀንዱን ስታዪ ወዲያው ትለይዋለሽ። እዚያ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው።

ደረቁ አየር የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። ታቦ ገዳም የተመሠረተው በ996 እ.ኤ.አ. ነው። የጭቃ ሕንፃ ነው፣ ከውጭ ስታዪው ምንም አይመስልም፣ ውስጡ ግን ግድግዳው ሁሉ ሥዕል ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መጥቶ አካባቢውን ጎድቶታል፣ ዋናው ቤተ መቅደስ ግን እስከ ዛሬ አለ። ዝናብ የሚዘንብበት አገር ቢሆን ጭቃው ሺህ ዓመት አይቆምም ነበር። ታቦ አጠገብ ግዩ የምትባል መንደርም ውስጥ የአንድ መነኩሴ አስከሬን እንደተቀመጠ አለ፣ 500 ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ጥርሱ ሳይቀር ይታያል። ልብሽ ከቻለ እዪው።

ጎህ ቀደደ

እሺ፣ በዚህ እንሄዳለን፦ ሺምላ፣ ካልፓ፣ ናኮ፣ ታቦ ሁለት ሌሊት፣ ካዛ ሁለት ሌሊት (ላንግዛንና ኪበርን ከዚያ እየተመላለስን)፣ ቻንድራታል አንድ ሌሊት፣ ከዚያ በዋሻው ወደ ማናሊ። ዘጠነኛው ቀን ለትርፍ ነው። የዘነጋሁት ነገር ካለ ንገሩኝ።

የጠዋት ጮራ

ጥሩ ነው። ቻንድራታል ላይ ሐይቁ ዳር ድንኳን መትከል አይፈቀድም፣ ማረፊያው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወዲህ ነው። መኪናም እስከ ውሃው አይደርስም፣ የመጨረሻውን በእግር ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሡና ሂዱ፣ ነፋሱ የሚነሣው ረፈድ ሲል ስለሆነ በጠዋት ውሃው አይንቀሳቀስም። የእኔንም ድርሻ እዪልኝ።

ታቦ ላይ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ፎቶ ማንሣትም አይፈቀድም። የእጅ ባትሪ ያዙ። ብርሃኑን አንድ ሥዕል ላይ ብዙ አታቆዩት፣ ቀለሙን ይጎዳል።